ፕሮግራሚንግ ስትማሩ ወኔ እንዳይከዳችሁ፦ ከንብረት ክፍል የወጣ ዘዴ

እኔ የንብረት ክፍል ሰው ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ ነው የኖርኩት። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 የሚባል ቅጽ፣ ሲወጣ ሞዴል 22። ሰኔ 30 ሲደርስ ቆጠራ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ፕሮግራሚንግ የጀመርኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ፣ ሥራዬን ሳልለቅ፣ ልጅ እያሳደግሁ ነው። አሁን ለትንንሽ መጋዘኖችና ሱቆች የዕቃ መመዝገቢያ ፕሮግራም እሠራለሁ።

ሰው ሲያገኘኝ ሁለት ነገር ይጠይቀኛል። አንዱ «የትኛውን ቋንቋ ልማር?» ነው። እሱ ቀላል ነው። ፓይተን ጀምሩ፣ እስክትለምዱት ድረስ ሌላ አትንኩ፣ አለቀ። ሁለተኛው ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፦ «ሳይሰለችሽ እንዴት ቆየሽ?»

ሰልችቶኛልማ! ያልሰለቸው ካለ አስተዋውቁኝ። ግን አንድ የታዘብኩት ነገር አለ። ሙያ ቀይሮ ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ትምህርቱ ከበደኝ ብሎ ሲተው ብዙም አላየሁም። የሚተወው የተማረው ነገር ሥራ ላይ ስለማይውል ነው። ቪዲዮ ያያል፣ መልመጃ ይሠራል፣ ሰርተፍኬት ያወርዳል። ማታ ጋደም ሲል «እና ምን ሠራሁ?» ይላል። መልስ የለም። ከዚያ ላፕቶፑ ቀስ በቀስ የቡና ረከቦት ማስቀመጫ ይሆናል።

ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ

ስለዚህ መጀመሪያ ደብተር ግዙ። አፕ አይደለም፣ ተራ ደብተር። ሦስት ዓምድ አስምሩበት፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። የስቶክ ካርድ አያያዝ ለምታውቁ ሰዎች ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለማታውቁት፦ ገቢ ላይ ዛሬ የተማራችሁትን ትጽፋላችሁ። ወጪ ላይ በእጃችሁ ባለ እውነተኛ ጉዳይ ላይ ያዋላችሁትን ትጽፋላችሁ። ቀሪ ማለት ተምራችሁት ገና ምንም ያልሠራችሁበት ነው።

ለምሳሌ «ፎር ሉፕ»፣ ማለትም አንድን ሥራ የሚደጋግም ትእዛዝ፣ ተማራችሁ እንበል። ገቢ ነው። በእሱ የቤተሰባችሁን የወር አስቤዛ ደመራችሁበት? ወጪ ሆነ። የኮርሱን መልመጃ ብቻ ከሠራችሁ ግን ወጪ አይባልም። መልመጃ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው።

ደንቡ አንድ ነው። ቀሪው አምስት መስመር ካለፈ አዲስ ትምህርት አትክፈቱ። ካለው ላይ ወጪ አድርጉ። መጋዘን ገብቶ የማይወጣ ዕቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አቧራ ይለብሳል፣ አይጥ ይቀምሰዋል፣ በየቆጠራው ያናድዳል፣ በመጨረሻ የማስወገድ ኮሚቴ ይሰየምለታል። ዕውቀትም ሲከማች እንደዚያው ነው።

ይህን ደንብ ለኮርስ ሰብሳቢዎች በተለይ እመክራለሁ። ነፃ ትምህርት ሞልቷል። ሐምሌ 2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም አለ፣ በነፃ ተምራችሁ ሰርተፍኬት ትወስዳላችሁ። ፍሪኮድካምፕ አለ። መሥራቹ ኩዊንሲ ላርሰን ራሱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበረ፣ ፕሮግራሚንግን ዘግይቶ የተማረ ሰው ነው። የሃርቫርዱ ሲኤስ50ም አለ። ሁሉም ደህና ናቸው። አንዱን ያዙ። ሦስቱ ላይ ተመዝግባችሁ የሦስቱንም የመጀመሪያ ምዕራፍ የምታውቁ ከሆነ ግን ችግሩ የኮርስ እጥረት አይደለም።

የድሮ ሥራችሁን ይዛችሁ ግቡ

ሙያ የሚቀይር ሰው ትልቁ ስሕተት የድሮ ሥራውን ከበሩ ላይ ጥሎ መግባቱ ይመስለኛል። «እኔ እኮ ዜሮ ነኝ» ይላል። ከሃያ ዓመት ልጅ ጋር እኩል ተሰልፎ ካልኩሌተር ይሠራል፣ የቲክ-ታክ-ቶ ጨዋታ ይሠራል። ካልኩሌተር ስልካችሁ ላይ አለ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ደስታው እስከ ማታም አይቆይ።

የእኔን ልንገራችሁ። መጋዘን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያበሳጨኝ ነገር ቀን ነበር። ሰነዶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ የምንመዘግብበት ኤክሴል ደግሞ በፈረንጅ ነው የሚያስበው። ጥቅምት 30 ቀን 2016ን 30/2/2016 ብላችሁ አስገቡ። ለኤክሴል ሁለተኛው ወር ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ጳጉሜን 5 ደግሞ የባሰ ነው። 5/13 ብላችሁ ስትጽፉ፣ ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ሜይ 13 ያደርገዋል። ምንም ሳይል! ከዚያ «በቀን ቅደም ተከተል ደርድር» ስትሉት ሪፖርቱ ይተራመሳል።

የእኔ የመጀመሪያ እውነተኛ ፕሮግራም ይህን የሚፈታ ነበር። ለጀማሪም የሚከብድ አይደለም። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ለፕሮግራም ጸሐፊ የተባረከ ነው። አሥራ ሁለቱ ወሮች እኩል 30 ቀን ናቸው። አንድ ቀን ከመስከረም 1 ጀምሮ ስንተኛ እንደሆነ ለማወቅ ከወሩ ቁጥር 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ቀኑን ደምሩ። የካቲት 12 ማለት 5 ሲባዛ በ30፣ ሲደመር 12፤ 162ኛው ቀን ነው። ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6? ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 3 ከሆነ 6 ናት። 2011 እና 2015 እንዲህ ነበሩ፣ 2019ም እንዲሁ ነው። የፈረንጁ ለመቶና ለአራት መቶ የሚለው ልዩ ደንብ እዚህ የለም።

ይህን ስትጽፉ ምን ተማራችሁ? ተለዋዋጭ፣ ማካፈልና ቀሪ፣ «ከሆነ፣ ካልሆነ»፣ ፈንክሽን። የኮርሱ የመጀመሪያ ምዕራፎች በሙሉ ማለት ነው። ልዩነቱ ሲያልቅ በእጃችሁ የሚሠራ ነገር መኖሩ ነው። ሁለት ቀን አስገብታችሁ የመድኃኒት ወይም የዱቄት መጠቀሚያ ጊዜ ሊያልፍ ስንት ቀን እንደቀረው ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ጉዳዬ ፊደል ነበር። አንዱ «ሳሙና» ብሎ ይመዘግባል፣ ሌላው «ሣሙና»። ተረካቢው አንድ ቦታ «ኃይሉ» ነው፣ ሌላ ቦታ «ሃይሉ»። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ዕቃ፣ ሁለት ሰው ያያል። ስለዚህ ሳሙና 40 አለ ይላል፣ መደርደሪያው ላይ 70 ቆሟል።

መፍትሔው ሲገባኝ ብቻዬን ሳቅሁ። በዩኒኮድ፣ ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያውቅበት ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ፊደላችን ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ቦታ ይዞ በተርታ ተቀምጧል፤ ለ 4616 ላይ ይጀምራል። ሠ 4640 ነው፣ ሰ 4656። ስለዚህ ማንኛውንም የሠ ቤተሰብ ወደ ሰ ለመለወጥ ቁጥሩ ላይ 16 መደመር ብቻ ነው። ሡ ሱ ትሆናለች፣ ሣ ሳ ትሆናለች። ሐን ወደ ሀ ለማምጣት 16 ቀንሱ። ኀን 128፣ ዐን ወደ አ 48፣ ፀን ወደ ጸ 8 ቀንሱ። ፓይተን ላይ የፊደሉን ቁጥር የሚያሳየው «ኦርድ» (ord)፣ ከቁጥር ወደ ፊደል የሚመልሰው «ሲኤችአር» (chr) ነው። በቃ፣ እነዚህን ሁለት ማወቅ ይበቃል። ዋናውን ጽሑፍ ግን አትንኩ፤ የሰው ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፣ የተስተካከለው ለፍለጋ ብቻ ይዋል።

የእናንተ ሙያ ሌላ ነው፣ አውቃለሁ። ጣና ላይ አስጎብኚ የነበራችሁ የዘጌን ጉዞ አስቡ። የጀልባ ኪራይ፣ የነዳጅ፣ የገዳማቱ መግቢያ፤ ሰው በጨመረ ቁጥር የአንድ ሰው ድርሻ ስንት ይሆናል? እንግዳ ፊት ቆማችሁ በጭንቅላት የምታሰሉት እሱ ነው። መምህር ከሆናችሁ የተማሪ ውጤትና ደረጃ አለ። ሱቅ ያላችሁ የዱቤ መዝገብ አላችሁ። ምንም የሌለው ሰው እንኳ ዕቁብ አለው። ማን ጣለ፣ ማን ቀረበት፣ ተራው የማን ነው?

መረጃውን ለማስቀመጥ ኤስኪውላይትን ተጠቀሙ። ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል፣ ሰርቨር አይፈልግም፣ አንድ ፋይል ብቻ ነው። በፍላሽ ይዞሩበታል።

ሰዓት

እኔ የምሠራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ነው። ቤቱ ሳይነሣ። ማታ ሞክሬ ነበር፤ ከሥራ፣ ከገበያና ከልጅ የቤት ሥራ በኋላ ጭንቅላቴ ቆጠራ እንደጨረሰ መጋዘን ነው፣ ተዘግቷል። የእናንተ ሰዓት ሌላ ሊሆን ይችላል። ብቻ «በቀን ሁለት ሰዓት» ብላችሁ አትማሉ። የቀኑ ትንሹ ግዴታ የትናንቱን ፕሮግራም ከፍቶ ማስነሣት ይሁን። ከከፈታችሁት አብዛኛውን ጊዜ ትቀጥላላችሁ።

አንድ ትንሽ ብልሃት ልጨምር። ስታቆሙ ቀጣዩን እርምጃ ኮዱ ውስጥ በአማርኛ አስታወሻ ጻፉ፦ «ነገ፦ ቀሪው ከዜሮ ሲያንስ አስጠንቅቅ»። ጠዋት «የት ነበርኩ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ደቂቃ ይበላል፤ ብዙ ወኔም ይበላል። ፓይተን አስታወሻን ብቻ ሳይሆን የተለዋዋጭ ስምንም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ብዬ ሰይሜ ነው የጀመርኩት። ከሌላ ሰው ጋር ስትሠሩ ወደ እንግሊዝኛ ትቀይሩታላችሁ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ግን አንድ ሸክም ያቀልላል።

ኔት ሲጠፋ፣ መብራት ሲሄድ

ይህን ክፍል ሌላ ቦታ የሚጽፉ ሰዎች አይጽፉትም። እኛ አገር ግን ወኔ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ፣ በኦንላይን ብቻ ይማር የነበረ ሰው ባለበት ቆመ። ፋይሉን ያወረደ ቀጠለ።

ስለዚህ ዋይፋይ ስታገኙ ቪዲዮ አትዩ፤ አውርዱ። የፓይተን መመሪያ በሙሉ ከራሱ ድረ ገጽ ይወርዳል። ኪዊክስ የሚባለው አፕ ደግሞ ዊኪፔዲያንና የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ጥያቄና መልስ ያለ ኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ፋይሎቹ ከባድ ናቸውና ቦታ አዘጋጁ። ላፕቶፕ የሌላችሁ ፓይድሮይድ 3 የሚባለውን የፓይተን መጻፊያ አፕ አንድሮይድ ስልክ ላይ ጫኑ። ስልክ ላይ ኮድ መጻፍ ጣት ያማል፤ ግን ይሠራል።

አሮጌ ላፕቶፕ ስትገዙ ከመልኩ በፊት ባትሪውን ፈትሹ። ሻጩ ፊት ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ቁጭ በሉ። ቡና ጠጡ። ሻጩ ከተቁነጠነጠ ገብቷችኋል።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ወረቀት አለ። ፕሮግራሙ ከተጠቃሚው ምን ይቀበላል፣ ምን ያደርጋል፣ ምን ይመልሳል? በአማርኛ ጻፉት። ከባዱ ክፍል እኮ ይሄ ነው፤ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።

ቀዩ ጽሑፍ

ብዙ ሰው የሚደነግጠው ስሕተት ሲመጣ ነው። ማያ ገጹ በእንግሊዝኛ ይሞላል፣ ሰው «አበላሸሁት» ብሎ ይዘጋዋል። የፓይተን ስሕተት ከታች ነው የሚነበበው። የመጨረሻው መስመር ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ከእሱ ከፍ ያለው የት እንደሆነ ይጠቁማል። «ኔም ኤረር» ካለ የማያውቀው ስም ጠርታችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የፊደል ግድፈት ነው። «ታይፕ ኤረር» ካለ የማይደመር ነገር ደምራችኋል። «ኢንደንቴሽን ኤረር» ካለ የመስመር መግቢያችሁ ተዛንፏል። መጀመሪያ ላይ የሚገጥማችሁ ከእነዚህ ብዙ አይርቅም።

እኔ ይልቅ የምፈራው ዝም ብሎ የሚሳሳተውን ነው። ከተጠቃሚው የተቀበላችሁት ቁጥር ለፓይተን ጽሑፍ ነው። ወደ ቁጥር ሳትለውጡ 5ና 5 ብርድ ልብስ ብትደምሩ 55 ይላችኋል። ቀይ ጽሑፍ የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ንብረት ክፍል ይህን የሚያክል ጉድለት የደመወዝ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ውጤቱን ሁልጊዜ በምታውቁት መልስ ፈትኑ።

ሰው ፈልጉ፣ ግን በንግድ ሒሳብ

ባሕር ዳር የተማሪ ከተማ ናት። በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ፔዳም ፖሊም፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ልጅ አይጠፋም። ግን «አስተምረኝ» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ። ልጁ ፈተና አለበት፣ እናንተም ታፍራላችሁ፣ ሁለተኛ አትገናኙም። እኔ ይዤ የሄድኩት ልውውጥ ነበር። የፖሊ ተማሪ የሆነ የጎረቤት ልጅ ለመመረቂያው የመጋዘን ፕሮግራም ይሠራ ነበር።

«እትዬ፣ ዕቃ ተመላሽ ሲሆን ምን ትላላችሁ?» አለኝ አንድ ቀን።

«ተመላሽ የሚባል ነገር አስገብተሃል?»

«አላስገባሁም።»

«እንግዲያስ ያንተ መጋዘን በሁለት ሳምንቱ ከመዝገቡ ጋር አይገናኝም» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ እሱ ኮዴን ያይልኛል፣ እኔ ሥራው መሬት ላይ እንዴት እንደሆነ እነግረዋለሁ። ወጣቶቹ ኮድ ያውቃሉ። ሰነድ ሲጠፋ፣ ዕቃ ሲበላሽ፣ ተረካቢ ሳይፈርም ሲሄድ ምን እንደሚደረግ አያውቁም። እናንተ ታውቃላችሁ። ይህን ዕውቀት በነፃ አትስጡት፤ በትምህርት ለውጡት። ዕድሜያችሁ ያኔ አያሳፍራችሁም።

ቤት ውስጥ ደግሞ የሚገባው ሰው አትጠብቁ። እናቴ እስከ ዛሬ «ከዚህ ሣጥን ጋር ምን ታወሪያለሽ?» ትለኛለች። መልስ አልሰጥም፣ ቡና አፈላላታለሁ።

«ኤአይ እያለ ለምን?»

ይህን ሳይጠይቀኝ የሚያልፍ የለም። እኔም እጠቀምበታለሁ። ስሕተት ሲገጥመኝ ያብራራልኛል፣ ረጅም ኮድ ያሳጥርልኛል። ግን ከእኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ የሚለውጥ ፕሮግራም አጽፉትና ጳጉሜን 6 አካባቢ ፈትኑት። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን 12 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2016 እንዲህ ነበር። የተሰጣችሁ ኮድ ይህን ስቶ እንደሆነ ማን ያያል? አዲስ ዓመት መቼ እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ነዋ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው ኮዱን መመርመር የሚችለው።

ሌላ ምክሬ፦ መጀመሪያ ራሳችሁ ሞክሩ፣ ከዚያ ጠይቁት። ሙሉውን አስጽፋችሁ ከገለበጣችሁ በደብተሩ ላይ ገቢም ወጪም የላችሁም።

ገንዘቡ

«በሦስት ወር በዶላር» የሚሉትን ቪዲዮዎች ዝጉ። የእነሱ ገቢ ከእናንተ ማየት የሚመጣ ነው። ደመወዛችሁን አትልቀቁ። የቤት ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ስለ ፎር ሉፕ ማሰብ አይችልም፤ ወኔ የሚባለውም ያን ጊዜ ቅንጦት ነው። የመጀመሪያውን ሥራ ከሩቅ አትፈልጉ። የሕንፃ መሣሪያ መሸጫው፣ ፋርማሲው፣ ቁጠባና ብድር ማኅበሩ ዛሬም በደብተር ነው የሚሠሩት። የምታውቁትን አንዱን ያዙ።

ሲያልቅ ሳይሆን ግማሽ ላይ ስጡት

ፕሮግራሙ እስኪያምር አትጠብቁ። አንድ ነገር ብቻ በትክክል መሥራት ሲጀምር ለአንድ ሰው ስጡት። እኔ መጀመሪያ የሰጠሁት ለአንድ የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው። ቀለም የለው፣ ምስል የለው፣ ጥቁር መስኮት ላይ የሚጻፍ ነገር ነበር። በማግሥቱ ደወሉ። «ልጄ፣ ያ ያንቺ ነገር ሚስማር በኪሎ አልመዘግብም አለ።» እውነትም የጻፍኩት በቁጥር ብቻ ነበር። ያን ቀን ሰዓቴን ሳልጠብቅ ነው የተቀመጥኩት። ማንም የኮርስ አስተማሪ እንደዚያ አላስነሣኝም፤ ሰው እየጠበቀኝ ነበራ።

ስትሰጡ ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ መረጃው በየቀኑ በሌላ ፍላሽ ይገልበጥ። ኮድ ቢበላሽ ይስተካከላል፣ የሰው መዝገብ ከጠፋ ግን ሁለተኛ ደጃቸው አትደርሱም። ሁለተኛ፣ ወረቀቱን ወዲያው እንዲተዉ አትገፋፏቸው። ቆጠራ እስኪደርስ ጎን ለጎን ይያዝ። ቆጠራው፣ ወረቀቱና ፕሮግራሙ ከተስማሙ ዋጋ መነጋገር ትችላላችሁ። ካልተስማሙ ደግሞ ልዩነቱ ከየትኛው ሞዴል እንደጀመረ አብራችሁ ፈልጉ።